የጥምጣሙ ሌላኛው ጫፍ

እሑድ፣ ጥቅምት ፲ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ ኦክላንድ

አቶ ሃርናም ጫማቸውን እንኳ አውልቀው ነበር። ማንም ሳይነግራቸው ጎንበስ ብለው አወለቁና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከሌሎቹ ጫማዎች ጎን አስተካክለው አስቀመጡት። ካልሲያቸው አዲስ ነበር። ለዛሬ ብለው የገዙት ይመስለኛል።

የልጄ የሰብለ ልጅ ዛሬ ክርስትና ተነሣ። ጎረቤቴን አቶ ሃርናምን የጠራኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ በየማለዳው ከሰፈራችን ያለውን ሐይቅ አብረን እንዞራለን። ሕፃኑ የተወለደ ሰሞን ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይዘው መጥተው፣ ካቡል ከነበረው ሱቃቸው የተረፋቸው የመጨረሻው መሆኑን ነግረው ለሰብለ ሰጥተዋታል።

በር ላይ የሚያስተናብረው ታደሰ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በጆሮዬ፣ «አባባ፣ ህንዱ ጥምጣማቸውን ያውልቁልን። ካህን ሳይሆን ጠምጥሞ ገባ ተብሎ ነገ ወሬ ይሆንብናል። እርስዎ ይንገሯቸው፣ እርስዎን ይሰማሉ» አለኝ።

ቃል ስመርጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬም መረጥሁ፤ ከሁሉም ለስላሳውን። «ለአፍታ ብቻ ነው» አልኋቸው።

አቶ ሃርናም ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። ክሩን ማሰር ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ቆሜ አየሁ። «ልጁን ፈጣሪ ያሳድግላችሁ፣ ሙዓሊም ሳሂብ» ብለውኝ በእግራቸው ሄዱ። አስተማሪ ስለነበርሁ ነው እንዲህ የሚጠሩኝ።

ወደ ውስጥ ስገባ ሕፃኑ በዚያው በነጩ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

አቶ ሃርናም ማለዳ በከዘራቸው በሬን ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ልማዳቸው ነው። ዛሬ አልመቱም። ካፖርቴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

ሰብለ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ዎክ የለም እንዴ?» አለችኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኋት። ጉልበቴ ደኅና ነው።

ቀኑን ሙሉ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ዋልሁ። ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያኑም የእኛ አይደለም፣ ከአሜሪካውያን የተከራየነው ነው። ታደሰ ነው የጠየቀኝ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን አያሳርፈኝም። ጥምጣሙም ያልተቆረጠው ፀጉርም ለእሳቸው የእምነት ነገር መሆኑን ከዚያ ደጃፍ ላይ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ህንዳዊ ሳይሆኑ የካቡል ተወላጅ መሆናቸውንም አውቃለሁ። ታደሰ «ህንዱ» ሲል አላረምሁትም። የተማሪን ደብተር ሳርም የኖርሁ ሰው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪

ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን።

የጥምጣሙ ጨርቅ ረጅም ነው። ከታጠበ በኋላ እርጥብ እንዳለ ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ይዞ ወጠር አድርጎ ያጥፈዋል። ድሮ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዙት ባለቤታቸው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የምይዘው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን አላልተህ ያዝህ ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ዛሬ አንዱን ጫፍ ከበራቸው እጀታ አስረው ብቻቸውን ይስባሉ።

«ልያዝልዎ?» አልሁ።

«በሩ ይበቃል» አሉ።

ልሄድ ስል ግን ከጨርቁ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ መናገር ጀመሩ። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰበረ ነው፤ ይሁንና አንድም ቃል አላመለጠኝም። ካቡል ላይ ከሱቃቸው አጠገብ ምንጣፍ የሚሸጥ ወዳጅ ነበራቸው። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ወዳጃቸው፣ «ነገሩ እስኪበርድ አንተ ከኋላ ተቀመጥ፣ ፊት ለፊት የእኔ ልጅ ይሽጥልህ» አላቸው። ለእሳቸው አስቦ ነው። ቀጥሎ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ጭሱ ሰው እንዳይረብሽ በእምነታችሁ የምታቃጥሉትን ሬሳ ጎሕ ሳይቀድ አቃጥሉ አሏቸው፤ ለጊዜው። ቀጥሎ አስተማሪው የልጆቻችሁን ፀጉር ብትቆርጡት ይሻላል አለ፤ ይኸው ዓመት እስኪያልፍ።

«አያቴ የተወለደው እዚያ ነው» አሉ። «ዴልሂ ስንደርስ ካቡሎች መጡ አሉን። ካቡል ደግሞ ህንዶች ነበርን። ማንም ውጡ አላለንም፣ ሙዓሊም ሳሂብ። ሁሉም ለአፍታ ብቻ ነው ያለን። አንድ ቀን ስናይ ከወገኖቻችን በዚያ ሰፈር የቀረነው እኛ ብቻ ነን።»

ጨርቁን ከእጀታው ፈትተው ገቡ። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አላሰማም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፫

ሰብለ ማታ ይህን ወሬ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ አቶ ሃርናም ሙቭ ሊያደርጉ ነው አሉ። ማናጀሩ ነው የነገረኝ። ካስትሮ ቫሊ፣ የወንድማቸው ልጅ ጋ።»

«መቼ?»

«ወሩ ሲያልቅ። ምነው፣ አልነገሩህም? ተጣላችሁ እንዴ?»

አልተጣላንም አልኋት። ጠብ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር፤ ጠብ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል። እኔ በትሕትና ነው ያባረርኋቸው።

እራት አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬

ለቄሱ ስልክ ደወልሁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። 

«ጫማቸውን አውልቀው ነበር?» አሉ።

«አውልቀው ነበር፣ አባታችን።»

«ታዲያ ጥምጣሙን ለምን ነካችሁባቸው? ለእምነታቸው የጠመጠሙት እንደ ባርኔጣ ይቆጠራል እንዴ? እኔ ራሴ ጠምጥሜ አይደለም እንዴ የምቆመው? ብትልኩብኝ ወጥቼ በእጄ አስገባቸው ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ እርስዎ እያሉ» አሉኝ።

ደግሞ እርስዎ እያሉ። ከዚህ በላይ የሚገባኝ ንግግር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ታደሰ ደወለ፤ ቄሱ ነግረውት ኖሯል። «አባባ፣ አጠፋሁ። መጥቼ እግራቸው ላይ ልውደቅ?» አለኝ። አንተ ጠየቅኸኝ፣ የመለስኋቸው እኔ ነኝ፤ መሄድ ያለብኝም እኔ ነኝ አልሁት። ይህን ብዬ ያኔውኑ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም። ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፭

ዛሬ በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንኳኩቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ የሚመጡት።

በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሌሊቱን ስደረድረው አድሬ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ። «ያን ምንጣፍ ሻጭ ሆንሁብዎ» ብቻ አልሁ። ቀጥሎም ቄሱ ያሉትን ነገርኋቸው፤ የከለከለ ሕግ እንዳልነበረ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እንደ መለስኋቸው። አንገቴን ቀና ማድረግ አልቻልሁም።

«እሱም ደግ ሰው ነበር» አሉ አቶ ሃርናም።  ይህ ምሕረት ይሁን ፍርድ እስካሁን አልለየሁትም።

ወደ ውስጥ ተመለሱ። በሩን ግን አልዘጉትም። ቆሜ ጠበቅሁ። ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ጨርቅ ይጨመቃል። ስለ ካስትሮ ቫሊ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ለመጠየቅ ምን መብት አለኝ ብዬ ተውሁት።

እርጥቡን ሰማያዊ ጨርቅ በክንዳቸው ላይ ይዘው ወጡ። የበሩን እጀታ አዩ፤ እኔንም አዩ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ሰጡኝና ሌላውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ላልቷል» አሉኝ ከዚያ ማዶ።

አጠበቅሁ።