ሆዴ ሄዶ ቆዳው ቀረ

የሺዬ፣ ሳቂታዋ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እንዴት ነሽ ብዬ ብጠይቅ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ሳልጠይቅ ወደ ወሬዬ ዘው ማለት ደግሞ ነውር መሰለኝና እንዴት ነሽ ብያለሁ። እኛ ደህና ነን። ኧረ ከደህናም በላይ ነን። ሜሮንን ትናንት ዳርናት። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፣ እህትሽ እትዬ ብርቄ ጓሮ ሆነው ጎረቤቱን ሁሉ ድስት ያሳጥባሉ፣ እኔ ደግሞ ሱቄን ከውስጥ ቀርቅሬ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ይህን እጽፍልሻለሁ።

ስለ ሠርጉ ከመንገሬ በፊት ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ያለሱ የትናንቱ ነገር አይገባሽም። ከስቻለሁ የሺዬ። ትንሽ ቀነስ አልኩ ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ ሞላሌ ገበያ ላይ ብታገኚኝ ሰላም ሳትዪኝ ነው የምታልፊው። ያ ሁለት ሰው ይችላል የምትዪው ሱሪዬ ትዝ ይልሻል? ፈትቼው ለኔ አዲስ ሱሪ፣ ከትራፊው ደግሞ የትራስ ልብስ ወጣው። ዓለም ከተማ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወንበሩን ጠቅልዬ ይዤብሽ፣ አንቺ ጫፉ ላይ ተንጠልጥለሽ፣ ይሁን ግዴለም ከነፋስ ትጋርደኛለህ እያልሽ መንገዱን ሙሉ ስትስቂብኝ የነበረው ሰውዬ የለም። ባለፈው ወር ለሠርጉ ዕቃ ልገዛ በዚያው መንገድ ስሄድ አጠገቤ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ተቀመጡ፤ ቦታም ተረፈን።

ነገሩ የጀመረው ሙት ዓመትሽ በወጣ ሰሞን ነው። ስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔ ጭልም አለብኝና ሜሮን ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሲስተሯ መርምራኝ ስኳር አለብህ፣ ግፊትህም ከፍ ብሏል፣ በዚህ ሆድ ከቀጠልክ ዕድሜህን በገዛ እጅህ እያሳጠርክ ነው አለችኝ። እንደ ልማዴ በቀልድ ላልፈው አፌን ስከፍት ሜሮንን አየኋት። አላለቀሰችም። አቀርቅራ እጇን ታያለች፤ አንቺን ከቀበርን ወዲህ ሲከፋት እንዲህ ነው የምትሆነው። ያን ቀን ቆረጥኩ። ጠላ ተውኩ፣ ቅቤ ተውኩ፣ ምሳዬ ጎመንና ባቄላ ሆነ። ማለዳ ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ በርኖሴን ደርቤ ዳገቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ቦታ ነበር የማርፈው፤ ዛሬ አንድ ጊዜም ሳልቆም ነው የምወጣው።

ታዲያ በኛ አገር ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሲከሳ ማን ጎሽ ይለዋል። ሐዘን ጨረሰው አሉ። የባሰም ያሉ አሉ። እትዬ ብርቄ ለጋ ቅቤ በቅል ይዘው መጡና ቆሜ ካላስበላሁህ አልሄድም አሉኝ፤ እምቢ ብላቸው ለንስሐ አባቴ ነገሩብኝ፣ ጠበል ይግባ ብለው። ደንበኞቼም ሊለኩ ሲመጡ ያዩኝና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ኧረ ደህና ነኝ፣ ለፍቼ ነው የከሳሁት ብል የሚያምነኝ አጣሁ። ለፍቶ የሚከሳ ሰው አይተን አናውቅም ይሉኛል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣልሽ። ስከሳ ሆዴ እንደ ወጣትነቴ ልጥፍ ይላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ስቡ ሄደ፤ ቆዳው ግን ቀረ። ከእምብርቴ በታች እጥፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ስቀመጥ ጭኔ ላይ ይተኛል፣ ቁልቁለት ስወርድ እሱም ለብቻው ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ኮት ሳጠብብ የኖርኩ ሰውዬ የራሴን ማጥበብ አቃተኝ። ላንቺ ብቻ ልንገርሽና፣ አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ በሁለት ጣቴ ሰብስቤ ይዤ ስፌቱ የት የት እንደሚያልፍ በጠመኔ አስምሬበታለሁ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ መቀነትሽ ትዝ አለኝ። ሜሮንን የወለድሽ ጊዜ እናትሽ ሆድሽን በዚያ መቀነት አጥብቀው ሲጠመጥሙልሽ፣ አንቺ ትንፋሽ አጠረኝ ስትዪ፣ እሳቸው ካልታሰረ እንደተዘረገፈ ይቀራል እያሉ ሲቆጡሽ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ክርስትናዋ ሲደርስ እኮ የሠርግሽ ቀሚስ ልክሽ ሆኖ ነበር። ለሴት የሠራ ለወንድ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። ከሳጥንሽ አወጣሁትና በየማለዳው ከሸሚዜ ሥር እጠመጥመው ጀመር። አምስት ወር ሙሉ። ቁርበት አንጥፌ በጀርባዬ እየተኛሁና እየተነሳሁም ሆዴን አሠራዋለሁ። መንገድ ላይ ደረቴን ነፍቼ ቀጥ ብዬ ስሄድ ያየኝ ሁሉ ምን ነካው ሳይል አልቀረም፤ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ መሆኑን ማን ይንገረው።

በአምስተኛው ወር ማሳከክ ጀመረኝ። እጥፋቱ ውስጥ ቀላ፣ ረጠበ፣ ሽታም አመጣ። ሳልወድ በግዴ ሄጄ ለሲስተሯ ገልጬ አሳየኋት። መቀነቱ ቢፈታ ቢፈታ አላልቅ ሲል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቋን አወቅኩባት። ኋላ ግን ኮስተር ብላ አስረዳችኝ። የአራስ ሆድ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው አለች። ሠላሳ ዓመት ተለጥጦ የኖረ ቆዳ በማሰር አይመለስም፤ ላቡ መውጫ አጥቶ ነው ያቆሰለህ። አጥበህ በደንብ አድርቀው፣ ቅባቱን ቀባው፣ ሁለተኛ እንዳታስረው። እንቅስቃሴው ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክርልሃል፣ ቆዳው ግን በዚህ ዕድሜህ ጥቂት ቢሰበሰብ ነው እንጂ ሁሉም አይሄድም አለችኝ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ቆርጠው የሚሰፉ ሐኪሞች አሉ ስትለኝማ ተነቃቃሁ፤ መቁረጥና መስፋት እኮ የኔ ሙያ ነው። እሷ ግን ቁስሉ ሰፊ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ስኳሬ መስተካከል እንዳለበት፣ የሚያስቸኩል ነገርም እንደሌለ ነግራ አበረደችኝ። ሠርጉ ሊደርስ የቀረው አንድ ወር ነበር።

እኔን የጨነቀኝ የጉልበት ስሞሹ ነው። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ወላጅ ተቀምጦ ጉልበቱን ይሳማል። አንቺ የለሽም፤ በሁለታችንም ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ፣ የቪዲዮ ሰውዬው ካሜራውን አስጠግቶ፣ ልጄ ጎንበስ ስትል ይህ ነገር ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ሊጠብቃት ነው። ወፍራም ሳለሁ አላፍርም ነበር፤ በኛ ዘንድ ቦርጭ የጥጋብ ነው። ባዶ ቆዳ ግን የበሽተኛ ነው። ሙሽራው የዓለም ከተማ ልጅ ነው፣ ዘመዶቹ እኔን አያውቁኝም። የታማሚ ልጅ ወሰድን ብለው ገና በመጀመሪያው ቀን ልጄን በሐዘኔታ ዓይን እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም። እናትም አጥታ፣ አባቷም ሊሞት ነው ሊሏት ነው። ስለዚህ ሲስተሯ የፈለገችውን ትበል፣ ለአንዲት ቀን ብቻ እታሰራለሁ አልኩ። ሱፌንም መቀነቱን እንዳሰርኩ ለክቼ ሰፋሁት። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ታዪው ነበር። ልክክ አደረግኩት፤ አንዲት ጣት የምታህል ትርፍ እንኳ አልተውኩበትም። ለሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ስህተት አልሠራም።

ትናንት ጠዋት ሴቶቹ ሙሽሪትን ሲያለብሱ እኔ ጓዳ ገባሁ። መቀነትሽ ረጅም ስለሆነ ብቻዬን ስሆን የምታጠቀው አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ አስሬ፣ ሌላውን ወገቤ ላይ ይዤ፣ እየተሽከረከርኩ ወደ ምሰሶው በመጠጋት ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ በሩ ተከፈተ። ሜሮን ነች፣ ነጭ በነጭ ለብሳ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ መቀነትሽን ስትፈልግ ከርማለች፣ በቀሚሷ ላይ ልትታጠቀው። ሳጥኑን ገልብጣለች፣ እትዬ ብርቄን ጠይቃለች፤ እኔንም ጠይቃኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ አላየሁም ብያታለሁ። አሁን ደግሞ እንደ ሰንጋ ምሰሶ ላይ ታስሬ አገኘችኝ።

መጀመሪያ ሳቀች። ኩሏ እንዳይበላሽ ዓይኗን እየጠበቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ሸሚዜ ሥር የቁስሉን ጠባሳ አየችና ሳቋን አቆመች። ለምን እንደዚህ እንደምሆን ጠየቀችኝ፤ የጉልበት ስሞሹን፣ የዓለም ከተማዎቹን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ፤ እኔ ያኔ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ እመቤቴን የለመንኳት አንተን ለሠርጌ እንድታቆይልኝ ነው፣ እንድታሳምርልኝ አይደለም አለችኝ። ይህን ብላ ወደ ኋላ እያሽከረከረች ፈታችኝ። የኔ ሙቀት ሳይወጣለት በራሷ ወገብ ላይ ጠመጠመችው፤ እንዴት እንዳማረባት። ኮቴ ቢባል ቢሠራ አልቆለፍ አለ። ክፍቱን ይሁን ብላኝ ወጣች።

ተቀመጥኩ እንግዲህ። ጋቢ ጭኔ ላይ ጣል ላድርግ ብዬ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ኮቴ ክፍት፣ ቆዳዬ ጭኔ ላይ፣ ካሜራው ፊቴ ላይ። ሜሮን ጎንበስ ብላ ቀኝ ጉልበቴን ሳመች፣ ግራውን ሳመች፣ ከዚያ ግንባሯን እዚያው የማፍርበት ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቀና ብዬ ሆዴን የሚያይ ሰው ብፈልግ አንድ አላገኘሁም፤ ሁሉም እሷን ነበር የሚያየው። የሙሽራው እናት የጠየቁኝ ሱፉን ማን እንደሰፋው ብቻ ነው። አባትየው ደግሞ ከምሳ በኋላ ገለል አድርገውኝ እሳቸውም ስኳር እንዳለባቸው ነገሩኝ፣ ቦርጫቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ከሜሮን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ የኔን እንዴት እንዳጠፋሁት ጠየቁኝ። ዳገቱን ነገርኳቸው፤ መቀነት የሚባል ነገር እንዳይሞክሩም አስጠነቀቅኳቸው። ከዚያ ጨፈርኩ የሺዬ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ትንፋሽ ሳያጥረኝ። እኔ ስቆም ቆዳዬ ገና አልቆመም ነበር። ይጨፍር አልኩት፣ እሱም ሠርገኛ ነው።

ይቆረጥ አይቆረጥ ገና አልወሰንኩም። ስኳሬ ይስተካከልና እናያለን። ዳገቱን አልተውም፣ ቁርበቱ ላይ መነሣት መተኛቱንም አልተውም፤ ልጥፍ ያለ ሆድ ከመጣ እሰየው ነው። ባይመጣም ሸሚዜን ከሱሪዬ ውጭ መልቀቄን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ግን ደብዳቤውን ማጠፍ አልችልም። መኪናው ሊነሣ ሲል ሜሮን ወርዳ ተመልሳ መጣችና አቀፈችኝ። እጆቿ ጀርባዬ ላይ ተገናኙ። ተገናኝተውም ጣቶቿን ቆላለፈቻቸው። ያኔ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ልጁ ስለተለየችው ነው ብሎ አባበለኝ። የሺዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስታቅፊኝ እጆችሽ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። ቀኝሽ እዚህ ጎኔ ላይ፣ ግራሽ እዚህ ማዶ ይቆሙ ነበር። ዘገየሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። የቆሙበትን ቦታ ግን አልረሳውም፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማለዳ ስታጠብ መዳፌን አሳርፍበታለሁ። ሐኪም እንኳ የሚቆርጠኝ ቀን ቢመጣ፣ ከዚያ በታች ነው የሚቆርጠው።

ባልሽ ደምሴ