ለቅዳሜ ወዳጃ፣ ለሰኞ ጠላ

ጥር 6፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ደረታቸውን ይዘው። ሁሉም ከጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ። ክሊኒኩ በር ላይ ተኮልኩለዋል፤ ቅንድባቸው ነጭ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭ። ትናንት ዕረፍት ላይ ነበሩ። ማሽኑ እንዳይቆም ሠራተኛው ለሁለት ተከፍሏል፤ እስላሞቹ ዓርብ ያርፋሉ፣ ክርስቲያኖቹ እሑድ።

ካርዱ ላይ "ምክንያት" ከሚለው ፊት የተለመደውን ጻፍኩ፦ ወዳጃ። ሐሙስ ማታ ዱዓ ተቀምጠው ጫት ሲቅሙ ያነጋሉ፣ ቅዳሜ ደረቴን ይላሉ። ሥ/አስኪያጁም እንዲህ ነው የሚለው። አንዳቸውንም በማዳመጫ አላዳመጥኩም። ላንተ ለደብተሬ አልዋሽም፤ ማዳመጫው ከመሳቢያው አልወጣም።

ጋሽ እንድሪስም ነበሩበት። አከራዬ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ እኖራለሁ። ማሽኑን ጥጥ ሲያጎርሱ ዕድሜያቸው አለቀ። ከኅዳር ወዲህ ወዳጃ አልተቀመጥኩም፣ ጫቱንም ጥርሴ አልቻለው አለ አሉኝ። ሰማኋቸው። ጻፍኩ፦ ወዳጃ። ፈቃድም አልሰጠሁ። ወደ ሥራ ይመለሱ የምትለዋን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወደ ማሽኑ ተመለሱ። ምነው በተቆጡኝ።

ደብዳቤ መጥቷል። ደብረ ሲና፣ ዐሥር ቀን፣ የሙያ ማሻሻያ ትምህርት። በሥራ ቤት ውስጥ ስላለው አየር ነው አሉ። ሥ/አስኪያጁ ሳቀ፤ አየር ለመማርማ ደብረ ሲና ነው የሚኬደው አለ። ክሊኒኩ እኔው ብቻ ነኝና እኔ እሄዳለሁ። ከዚህ ሙቀት ይገላግለኝ እንጂ ቆሎ መቁላትም ቢያስተምሩኝ ግድ የለኝ።

ጥር 8፣ ሰኞ፣ ማታ

ስድስት። ዛሬ የክርስቲያኖቹ ተራ። ትናንት አረፉ፣ ዛሬ ደረት። ለነዚህ የምጽፈው ጠላ ነው። በለጠች አለችበት፤ መርገጫ ክፍል ውስጥ ጥጥ ረግጣ የምታስር ልጅ። ጠላ በአፌ ዞሮ አያውቅም ብላ በማርያም ማለች። እኔ ደግሞ እንደምትምል ቀድሜ አውቅ ነበር። ጠላ።

ሥ/አስኪያጁ ካርዶቹን ሰበሰበ። ምርት የሚያጓትተውን ይለይባቸዋል። ስብሰባ ላይ ንቁ ጓድ ብሎ አነሣኝ። ደስ አለኝ። ይኸው፣ ጻፍኩልህ። አንተን ከመድኃኒት ክፍሉ ነው ያነሣሁህ፤ የምትመዘግበው መድኃኒት ስለሌለ እኔን ትመዘግባለህ።

ጥር 15፣ ሰኞ። ደብረ ሲና

ብርድ። ጉም በመስኮት ይገባል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እጽፋለሁ። ሃያ ያህል ነን፤ ከየፋብሪካው፣ ከየእርሻው። አስተማሪው ሽማግሌ ናቸው፣ ራሳቸው ያስላሉ። ዛሬ ክፍሉን አጨልመው በአንድ ቀዳዳ ፀሐይ አስገቡ። ብናኙ በጮራው ውስጥ ሲርመሰመስ አየን። ተጠርጎ ያለቀ ክፍል ነው ብላችሁ ነበር አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ጥሩ ሰው ናቸው። አልሰለቸኝም።

ጥር 18፣ ሐሙስ፣ ማታ

 

ዛሬ ስለ ጥጥ ነበር። የጥጥ ብናኝ ደረት ይጨመድዳል። በሽታው ሲጀምር የሚይዘው ከዕረፍት ማግስት ነው። ሠራተኛው አንድ ቀን ንጹሕ አየር አግኝቶ ሲመለስ፣ በዚያው ቀን። በማግስቱ ይለቀዋል። ዓመታት ሲያልፉ ሁለተኛውንም ቀን ይይዛል፣ ሦስተኛውንም። በመጨረሻ ጨርሶ አይለቅም።

ከዕረፍት ማግስት። የእስላሞቹ ቅዳሜ። የክርስቲያኖቹ ሰኞ።

አንድ በሽታ ነው። እኔ ሁለት ስም አወጣሁለት። ለእስላሙ ወዳጃ፣ ለክርስቲያኑ ጠላ። ሰው በሃይማኖቱ ተለይቶ ሲታመም አንድ ቀን እንኳ አልገረመኝም። ምን ዓይነት ድንጋይ ነኝ።

አስተማሪው ጠየቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየ አለ? ማንም እጁን አላወጣም። እኔም።

ጥር 19፣ ዓርብ

ሻይ ሰዓት ጠብቄ ጠጋ አልኳቸው። እንዲህ ያለው አንዲት ጓደኛዬ በምትሠራበት ፋብሪካ አለ አልኩ። ዓይን ዓይኔን አይተው ጓደኛሽ ካርድ ላይ ምን ስትጽፍ ኖረች አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀድሞ ከብናኙ የወጣ ይድናል፣ የዘገየ ግን ቢወጣም ሙሉ በሙሉ አይድንም አሉ። ጥቁር ጨርቅ ቅባት ቀብታ ክፍሉ ውስጥ ትስቀል፣ ራሱ ይናገራል። ደግሞም እኔ እስከ የካቲት መጨረሻ ሌላ ዙር አስተምራለሁ፣ እዚሁ ነኝ፤ ተጽፎና ተፈርሞ የመጣ ነገር ካለ ከበላዬ ላሉት አቀርባለሁ፤ በወሬ ግን አልንቀሳቀስም አሉ።

ተፈርሞ። የኔ ፊርማ ያለው በሌላው ወገን ነው።

ጥር 25፣ ሐሙስ። ሸዋ ሮቢት

ወረድኩ። ጆሮዬ ተደፍኗል፣ ሙቀቱ በር ላይ ተቀበለኝ። መንገዱን ሁሉ ለጋሽ እንድሪስ የምለውን ሳጠና ነበር። ደረስኩ። ዘግይቻለሁ።

ነገሩን እትዬ መርየም ነገሩኝ፣ ባለቤታቸው። እኔ ስሄድ ስብሰባ ተጠራ። ካርዶቼ ተነበቡ። ስም እየተጠራ ሂስና ግለ ሂስ። ጋሽ እንድሪስ ከሥራ ከመባረር ብለው ተነሡና፣ አዎ፣ ወዳጃ ስቀመጥ አድሬ ምርት በድያለሁ አሉ። ያልተቀመጡትን። ዱዓውን ጥፋት ብለው፣ በጎረቤት ፊት፣ በመስጊድ ጓደኞቻቸው ፊት። ተጨበጨበላቸው። ለእርምት ተብሎም ወደ መርገጫ ክፍል ተዛወሩ። ብናኙ ከሁሉ የሚብሰው እዚያ ነው።

እትዬ መርየም ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ መንገድ ደክሞሻል ብለው የማሾ ወጥ አቀረቡልኝ። በላሁት። እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

የእትዬ መርየምን ጥቁር ሻሽ ለምኜ ቫዝሊን ቀባሁት። ጠዋት መርገጫ ክፍል ሰቀልኩት። መስኮቶቹ በሚስማር ተመተዋል፤ ጥጥ በንፋስ እንዳይባክን ተብሎ። አንዱን ላስነቅል ስል ከሥ/አስኪያጁ በፊት የጮኹት ሠራተኞቹ ናቸው። ላብ ላይ ንፋስ ሲገባ ምች ነው፣ ልትገድይን ነው? አሉ። ሕክምና የተማርኩት እኔ ወዳጃ እያልኩ ስጽፍ ከርሜ በምን አፌ ልከራከር።

ከሰዓት ሻሹን አወረድኩ። ጥቁርነቱ የለም። ጣቴን ባሳርፍ ሰመጠ።

ጋሽ እንድሪስ ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። በለጠች የሳቸውን ድርሻ ጨምራ ትረግጣለች። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ነው ደረትዎ፣ ነገ ቀለል ይልዎታል አልኳቸው። ምን ሌላ ልበል። ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ለኔ እኮ አሁን ሁሉም ቀን ቅዳሜ ሆኗል" አሉኝ።

ማዳመጫውን አወጣሁ። የመጀመሪያዬ ነው፣ በነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች። ጀርባቸው ላይ ሳሳርፈው ቀዘቀዛቸው መሰለኝ ደንገጥ አሉ። የሰማሁትን አልጽፍም። አስተማሪው ጨርሶ የማይለቀው ያሉት ነው።

ጥር 29፣ ሰኞ

ሻሹን ይዤ ሥ/አስኪያጁ ዘንድ። በሁለት ጣቱ አነሣና ጥሩ ጥጥ ነው አለ። ቀልዱ ግን አልዘለቀም፤ በሩን ዘጋ። ፊቱ ላይ ላብ አየሁ። እሱም ይፈራል፤ ኮታው ካልሞላ የሱም ስም ይነበባል።

ካርዶቹ ስሕተት ናቸው አልኩ። የማን ፊርማ ነው ያለባቸው አለኝ። የኔ። እንግዲህ በሐሰት ማስረጃ ሠራተኛ ያስቀጣሽው አንቺ ነሽ፣ አሻጥር ይባላል ይሄ አለ። አልጮኸም፤ እንደሚመክር ሰው ነው የተናገረው።

ከዚያ የሚፈልገውን አመጣው። በሚቀጥለው ሰኞ ከበላይ ጎብኚ ይመጣል። ከትምህርቱ መልስ ክፍሎቹን መርምሬ አየራቸው ደህና ሆኖ አግኝቻለሁ የሚል ወረቀት ልፈርም። ከፈረምኩ ጋሽ እንድሪስ ቅዳሜውኑ የበር ጥበቃ ይሆናሉ። ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ ከብናኝ ውጪ። ካልፈረምኩ እዚያው መርገጫ ክፍል።

የሌሎቹስ አልኩ። ሁሉን በር ላይ ላስቀምጠው ወይ አለ።

የካቲት 2፣ ሐሙስ

እ/ር ይቅር ይበለኝ። ለጋሽ እንድሪስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳላዳምጥ መጻፌን፣ ደብረ ሲና የተማርኩትን፣ እጄን አለማውጣቴን፣ ወረቀቱን። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ትልቅ ነገር እንዲናገሩ፣ አትፈርሚ እንዲሉኝ። ከዚያ እኔ ጀግና እሆናለሁ፣ በሳቸው ሳንባ።

ፈርሚልኝ አሉ። በቃ። በሩ ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ደክሞኛል አሉኝ። እትዬ መርየም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የካቲት 3፣ ዓርብ

ፈረምኩ። "አየሩ ደህና ነው።"

የካቲት 6፣ ሰኞ

ጎብኚዎቹ መጡ። ክፍሎቹ ሌሊቱን ተጠርገው፣ ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ቆሞ። ወረቀቴ ተነበበ። ተጨበጨበልኝ። በሩ ላይ ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው ቆመው ነበር፣ ጎብኚዎቹ ሲያልፉ እሳቸው እጅ ነሷቸው። ሳል እያቋረጣቸው።

የካቲት 10፣ ዓርብ

ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳምንት ሊሞላ ነው። ሳሉ ያው። ጎህ ሲቀድ ለሶላት ሲነሡ በግድግዳው አሳልፎ ይሰማኛል፤ አንድ ሱራ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። የዘገየ ቢወጣም አይድንም ተብሎ የለም? አውቅ ነበር። ለማይድን ሰው ሌሎቹን ሁሉ ሸጥኩ። እንደዚህ ብዬ ስጽፈው ደግሞ እሳቸውን የጠላሁ ይመስላል። የምጠላው ሌላ ሰው ነው። በመስተዋት ፊቴን ካየሁ ሰነበትኩ።

የካቲት 13፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በለጠች መጣች። ብቻዋን አይደለም። ጋሽ እንድሪስ በሩን ጥለው ክንዷን ደግፈው አመጧት። ማን ማንን እንደደገፈ አይለይም ነበር። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ትንፋሽ ጠበቁ። ልጅቱ ከንፈሯ ጠቁሯል። እሳቸው ወደ በሩ ከሄዱ ወዲህ የሁለት ሰው ትረግጣለች።

ካርድ አወጣሁ። ስሟን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ። "ምክንያት" ላይ ስደርስ ጋሽ እንድሪስ ጠረጴዛዬን ይዘው ጎንበስ አሉ።

"የኔን ጻፍሽ፣ አለፈ። እቺ ግን ልጅ ናት። ጠላ እንዳትዪባት።"

በሩን ያጣሉ፣ ጋሽ እንድሪስ አልኩ። አውቃለሁ አሉ። ወረቀቱን በእኔ ስም ነው ያስፈረመሽ፣ በእኔው ስም ቅደጂው አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው። እንቢ ብለው በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፣ እስክጽፍ።

ማታ

የጥር 6ን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። "አንዳቸውንም በማዳመጫ አላዳመጥኩም" ይላል። ካርዶቹ ሐሰት ናቸው ብል ማን ያምነኛል? በእጄ የተጻፈ፣ በቀኑ የተጻፈ ምስክር አንተ ብቻ ነህ። አስተማሪው ተጽፎ የመጣ ካለ ብለዋል።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ደብረ ሲና። በፖስታ አልሰድህም፣ በእጄ። ሻሹንም። የሐሰቱን ወረቀትም እነግራቸዋለሁ። ተስፋ አለኝ እንዳልልህ፤ የለኝም። መስኮቱ ይነቀል አይነቀል አላውቅም። እኔ እንደምታሠር እገምታለሁ። ጋሽ እንድሪስ ሰኔን እንደማያዩ ደግሞ አውቃለሁ። ግን አንተ ከተሰጠህ በኋላ ማንም ወዳጃ ነው ብሎ ሊቀብራቸው አይችልም።

ከዚህ በኋላ የምጽፍበት የለኝም። የዛሬን ሁለት ካርዶች ግልባጭ እዚህ ላይ አኑሬ ላብቃ፦

ስም፦ በለጠች። ሥራ፦ ጥጥ መርገጥ። ሕመሙ የሚይዛት፦ ከዕረፍት ማግስት። በማዳመጫ ተዳምጣለች። ምክንያት፦ የጥጥ ብናኝ።

ስም፦ እንድሪስ። ሥራ፦ ማሽን ማጉረስ፣ ኋላ መርገጫ ክፍል። ሕመሙ የሚይዛቸው፦ በየቀኑ። በማዳመጫ ተዳምጠዋል፣ ዘግይቶ። ምክንያት፦ የጥጥ ብናኝ። ቀድሞ "ወዳጃ" ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፈርሜበታለሁ።