የግሌን ክራባት

ታላቅ እህቴ ላቮን፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የዘንድሮን ብርድ እንዴት ቻለው? ባልሽ ኦሪንስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም እያሳለ ላሞቹን ይቀሰቅሳል? በኩሽናሽ በር ሥር የሚገባው ንፋስ ተደፈነ? ልጅሽ ዱዌይን ያቺን አሮጌ ትራክተር አስነሳት ወይስ እንደተኛች ናት? እኔና ሚስቴ ማርሊስ በአካላችን ደህና ነን። እዚህ ፌብሩዋሪም ሆኖ ፀሐይ ነው፣ በሸሚዝ ነው የምንውለው። በቀረው ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። አንጀቴ አሯል። ያሳረረኝም ቴሌቪዥን ነው። አትሳቂ! እስከ መጨረሻው አንብቢውና ያኔ ከቻልሽ ሳቂ።

የማርሊስን እናት ነገር ታውቂያለሽ። ወይዘሮ አልቪና እዚያ ነብራስካ፣ እናንተ አጠገብ ያለው መጦሪያ ቤት ከገቡ ወዲህ ሰው መለየት ትተዋል። ማርሊስ ስትደውል አንዳንዴ «ልብስ አጣቢዋ ነሽ?» ይሏታል፣ አንዳንዴ በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯታል። የምሽቱ ዜና ላይ ግን፣ ያ የአየር ጠባይ የሚያወራው ግሌን ብቅ ሲል፣ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የሰውየውን ክራባቶች መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ አንድ ቀን ዳክዬ፣ አንድ ቀን በቆሎ፣ አንድ ቀን ደግሞ ምን እንደሆነ እሱም የማያውቀው ነገር። እናትና ልጅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እኩል ያዩታል። «የዛሬውን አየሽልኝ ማርሊስ?» ይላሉ። በስሟ! «እማዬ፣ ይሄ እኮ የመጋረጃ ጨርቅ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይንከተከታሉ። ልጃቸው መሆኗን የሚያውቁት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ታዲያ ቤታችንን ሸጠን ይሄ ባለጎማ ቤት ውስጥ ጠቅልለን ስንገባ ይሄን ማን አሰበው? እኔ ያሰብኩት የጎማውን፣ የጋዙን፣ የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ነው። ከነብራስካ ወጥተን ካንሳስ ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ቆመን እያየን፣ ግሌን «ነገ ከሰሜን በኩል» ብሎ ሳይጨርስ ፊቱ ተበጣጥሶ ጠፋ። ማርሊስ ሪሞቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «አይዞሽ፣ አሪዞና ስንደርስ አስገባልሻለሁ» አልኳት። ይቺን አፌን!

እዚህ የቆምንበት የባለጎማ ቤቶች ካምፕ በር ላይ «ኬብል ከኪራዩ ጋር» ብለው በትልቁ ጽፈዋል። ሰካነው። እህቴ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ይባላል? አንዱ ቻናል ቢላ ይሸጣል። ሁለተኛው ያንኑ ቢላ የገዛች ሴት ቲማቲም ስትከትፍ ያሳያል። ሦስተኛው ላይ አንድ በላብ የተጠመቀ ሰባኪ ጣቱን ወደኔ እየቀሰረ ይጮኻል፤ ምን አደረግኩት? ቢሮ ሄጄ «የነብራስካ ጣቢያ የላችሁም?» ብዬ ብጠይቅ ሴትዮዋ ጥፍሯን እየቀባች «ሌላው ነዋሪ ወዶታል» አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝም።

ቀጥሎ አንቴናውን ያዝኩ። ከውስጥ የሚያዞረው እጀታ አልበቃኝ ብሎ ጣራው ላይ ወጣሁ። እኔ ከላይ ስጠመዝዝ ማርሊስ ከታች በመስኮት «መጣ! መጣ! ኧረ እንዳትነካው... ሄደ!» ትላለች። ጎረቤታችን ሮይስ፣ አውቶቡስ የሚያህል ቤት ያለው፣ ጣራው ላይ ያለው ዲሽ ራሱ እየዞረ ሰማዩን የሚፈልግለት ሰውዬ፣ ወንበሩን አውጥቶ እኔን እንደ ፊልም ያየኛል። «ዴልማር! ዛሬም ጣራ ላይ ነህ? እንቁላሉን ጣልክ ወይስ ገና ነህ?» ይለኛል። የሱ ቢጤዎች ይስቃሉ። በመጨረሻ አንድ ቻናል ያዘልኝ፣ የፊኒክስ ነው፣ ነድተንበት የማናውቀው መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቋል ይላል። ለነገሩ አንቴና የቆምክበትን አገር ነው የሚያመጣልህ። ይሄን ጣራ ላይ ሳልወጣ ማወቅ ነበረብኝ።

እስከዚያው ማርሊስ በየምሽቱ ትደውላለች። እናቷም «ማን ልበል?» ይሏታል። ስልኩን ዘግታ ደረቁን ሰሃን ትወለውላለች።

ጃንዋሪ ላይ እዚህ ለኛ ቢጤው ሁሉ ትልቅ ድንኳን ይተከላል፤ ከብሎን እስከ ውሻ ሹራብ የማይሸጥበት ነገር የለም። እዚያ ብሬንት የሚባል ጥርሱ እንደ ሳህን የነጣ ጎረምሳ አገኘሁ። «አባቴ፣ ይሄ ዲሽ የማያመጣው ነገር የለም» አለኝ። «ነብራስካ ያለውን ግሌንን ያመጣልኛል?» አልኩት። «የፈለጉትን ሁሉ!» አለኝ። ፈረምኩ። ዲሹን ተክዬ፣ አስተካክዬ፣ ድርጅቱ ጋ ስደውል አንዲት ሴት «የቤትዎ አድራሻ የት ነው ጌታዬ?» አለችኝ። «ከእግሬ ሥር ነው» አልኳት። «የማይንቀሳቀሰውን ነው የጠየቅኩት» አለች። «ይንቀሳቀሳል እኮ ነው የምልሽ!» አልኳት። «እሺ፣ ደብዳቤ የሚደርስዎት የት ነው?» አለች። ደብዳቤያችን እንደምታውቂው ሳውዝ ዳኮታ ባለች የፖስታ ሳጥን ነው፣ አንድ ሌሊት ብቻ ባደርንባት ከተማ። «እንግዲያው የሳውዝ ዳኮታን ዜና ነው የምመዘግብልዎ፤ እሱም ቢሆን እዚያው ካልሆኑ አይመጣልዎትም» አለችኝ። ለካ የየአካባቢው ጣቢያ ከሰማይ የሚወርደው እዚያው አካባቢው ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ብሬንት «ሁሉን» ያለኝ የትኛውን ሁሉ ነው? ልጠይቀው ድንኳኑ ድረስ ሄድኩ። ቦታው ባዶ ነው። አጠገቡ ያለው የውሻ ሹራብ ሻጭ «እሱማ ወደ ካሊፎርኒያ ነካው» ብሎ ሳቀብኝ። ሄዶ ቢቀር ምናለበት፤ ውሉ ግን አልሄደም፣ የሁለት ዓመት ነው።

ሮይስ ይሄን ሰምቶ «አንተ ሽማግሌ፣ ሰው እኮ አሁን በኢንተርኔት ነው የሚያየው!» አለኝ። ውሸት አይደለም፣ ጣቢያው ዜናውን በኢንተርኔት ይለቃል። ያን ቀን ማርሊስ ጸጉሯን ተሠርታ ተቀመጠች፤ ላቮን፣ ለስልክ ጸጉሯን ተሠራች! የካምፑን ዋይፋይ ከፈትን። በዚያ ሰዓት ደግሞ ካምፑ ሙሉ ይከፍተዋል። ዜና አንባቢዋ አፏን እንደከፈተች ደረቀች። ነካካሁት፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ሴትዮዋ አፏን አልገጥምም አለች። በስልኩ ወዲያ ማዶ ግን ወይዘሮ አልቪና መሳቅ ጀምረዋል። «የዛሬውን አየሽው?» አሏት። ማርሊስ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ምን ላድርግ? «አዎ እማዬ» አለች። «እስቲ ቀለሙ ምንድን ነው?» አሏት። «ሰማያዊ» አለች ገምታ። ወይዘሮ አልቪና ረጋ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «አንቺ ልጄ አይደለሽም። ልጄ ብትሆኚ ታይው ነበር» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አስታማሚዋ ስልኩን ስታቀብላቸው «ያቺ አታላይ ናት» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ማርሊስ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሌላ ሳጥን አለ፣ ሌላ ድርጅት አለ፣ ሮይስ የነገረኝ ሌላ ሽቦ አለ እያልኩ ለፈለፍኩ። አስጨረሰችኝ። ከዚያ ተነስታ እጀታውን እያዞረች አንቴናውን አወረደችው። ሰሃኖቹን በፎጣ መጠቅለል ጀመረች፣ ልንነዳ ስንል እንደምታደርገው። «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። «ዴልማር፣ ጎማ ያለው ቤት የገዛነው ለምንድን ነው?» አለችኝ። እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰውዬ! ያን ሁሉ ጊዜ ጣቢያውን ወደ ቤቱ ልጎትት ስታገል፣ ቤቱን ወደ ጣቢያው መንዳት አንድም ቀን አልታየኝም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ እናትየዋ ክፍል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሚያስፈልጋት አንድ ወንበር ነው።

ስለዚህ እየመጣን ነው። ሰኞ እንነሳለን፤ መንገዱ በረዶ ከሆነ ቀስ እያልን ነው የምንመጣው። ከመጋዘናችሁ ጎን፣ ንፋስ የማይመታውን ቦታ አስጠርጊልን፤ መብራት የምንስብበት ገመድም ይዘጋጅልን። የውሃ ቱቦው በረዶ ሠርቶ እንደሚፈነዳ አውቃለሁ፣ የዚህ ቤት ግድግዳ ከብስኩት ካርቶን አይሻልም። በነብራስካ ክረምት እዚህ ውስጥ እተኛለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩት፤ ሳስበው ራሱ ያንገሸግሸኛል። ኦሪን ስንወጣ «በረዶው ሳይቀልጥ በሬን ታንኳኳላችሁ» ብሎ የሳቀውንም አልረሳሁትም። ይኸው እናንኳኳለን። ግን ንገሪው፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይሄን ቤት በራፉ ላይ አግድሜ አቆመዋለሁ፣ እሱም ትራክተሩን በመስኮት ያስወጣ።

እስክንደርስ ደግሞ አንድ ሥራ አለሽ። አስታማሚዋን ለምነናታል፤ በዜናው ሰዓት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋቸው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። አንቺ ኩሽናሽ ውስጥ ባለችው ቁራጭ የአንቴና ሽቦ ግሌንን አጥርተሽ ታይዋለሽ። ብቅ እንዳለ፣ አፉን ሳይከፍት፣ የክራባቱን መልክ ለማርሊስ በስልክሽ ጻፊላት። እሷ ሳይጠይቋት ቀድማ ትናገራለች። መቼም ያ ሁሉ ዲሽና ሳጥን ካልሠራ አንቺ ትሠሪያለሽ።

ለኦሪን፣ ከላይ ያልኩት እንዳለ ሆኖ፣ ሰላም በይልኝ፤ ለሳሉም ማር ይጠጣ። ለዱዌይን፣ መጥቼ ትራክተሯን አብረን እናያታለን በይው። ለዚያ እግሬን ነክሶ ለማያውቀው ውሻችሁም ጆሮውን እከኪልኝ። ወይዘሮ አልቪናን ሄደሽ ጉንጫቸውን ሳሚልን፣ ከማን እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው፣ ማርሊስ ራሷ ትነግራቸዋለች። ማርሊስ ሰሃን እየጠቀለለች ስለሆነ እንጂ እሷም ትጽፍልሽ ነበር፤ ናፍቀሽኛል ብላሻለች።

አደራ ላቮን፣ ቀለሙን አጣርተሽ ነው የምትጽፊው። «ሰማያዊ ቢጤ» የሚባል ነገር እንዳትልኪልን።

ወንድምሽ ዴልማር
ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019