ለመስታወት የተቀመጠ ውሃ፦ የአቶ ውበቱ ወልዴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ውበቱ ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸዳለ አራጋው በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በአምባሰል አውራጃ፣ ከግሸን ግርጌ ባለች መንደር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በውጫሌ ተከታትለው፣ አባታቸው በማረፋቸው አቋረጡና በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በቀን ሥራ ከቆዩ በኋላ በአንድ የጽዳት ድርጅት ተቀጥረው በገመድ እየተንጠለጠሉ የፎቅ መስታወት ሲያጸዱ ኖሩ። ከፍታ አያስፈራዎትም ወይ ሲባሉ፣ «ያደግሁት ግሸን ሥር ነው፤ ገደል ለእኔ ደጃፍ ነው» ይሉ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉአለም ጋር ትዳር መሥርተው ሳምሪንና ወንዱን ወለዱ።

በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ሲባል፣ የራሳቸውን የመስታወት ጽዳት ሥራ ለመጀመር ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው፣ ሐይቅ ከተማ ተመለሱ። የመጀመሪያውን ሎጅ ከሐይቁ በተቀዳ ውሃ አጠቡት፤ መስታወቱ ሲደርቅ ነጭ በነጭ ሆነ። ባለቤቱ «አጽዳልኝ አልሁህ እንጂ ኖራ ቀባልኝ አልሁህ እንዴ?» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲያ ጨውን ከውሃ የሚለይ ማጣሪያ ገዙ። የተጣራውንም ውሃ ከቤታቸው ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሁለት ጥቁር ሮቶ ያስቀምጡ ጀመር። ብርሃን ካየው አረንጓዴ ያበቅላል፣ ክዳኑ ክፍት ካደረ አቧራ ይገባዋል በማለት ክፍሉን ይቆልፉት ነበር። በዚህ ውሃ የታጠበ መስታወት ጨርቅ ሳይነካው ጠርቶ ይደርቃል። ሰፈሩ ግን፣ በየዓመቱ መስከረም ሃያ አንድ ግሸን ስለሚወጡ፣ የሚደብቁት ጠበል ነው ብሎ አመነ።

በ2012 ዓ.ም. አንድ ቀን ቧንቧ ጠፋ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ራዚያ ለባለቤታቸው ለአቶ ሙሐመድሁሴን የውዱእ ውሃ ፍለጋ ሲገቡ ክፍሉን ክፍት አገኙትና ከሮቶው ጨለፉ። ጣሳቸው በአመድ የተፈተገ ነበር። አቶ ውበቱ በማግስቱ የሚመረቅ ሎጅ ይጠብቃቸዋል፤ የውሃውን ጥራት በሚለኩበት መሣሪያ ቢያዩት አመድ ገብቶበት ተበላሽቷል። ሮቶውን ሙሉ ጓሮ ለቀቁት። ወይዘሮ ራዚያ ይህን በአጥር አዩ።

«እጄ ስለነካው ነው አይደል የደፋኸው?»

«እትዬ ራዚያ፣ እኔ ምን በወጣኝ! መስታወቱ ነው የማይቀበለው።»

«ወላሂ፣ መስታወት ሰው ሲጠየፍ ዛሬ ሰማሁ!»

ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቋረጡ። አቶ ውበቱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ አልሆነም። ጎረቤቱን የተጠየፈ ሰው መባል፣ በተለይ ክርስቲያንና ሙስሊም ተዋዶ በሚኖርበት በዚያ ሰፈር፣ ሥራ ከማጣት ይልቅ ከበዳቸው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። አቶ ውበቱ ልጆቻቸውን ወደ ዘመድ ሸኝተው፣ አልጋ የያዙ እናታቸውን ለመጠበቅ ከባለቤታቸው ጋር ቀሩ። መብራትና ቧንቧ ተቋረጠ፤ ከተኩሱ የተነሣ ወደ ሐይቁ መውረድ አልተቻለም። ማጣሪያው ያለ መብራት አይሠራምና፣ ነገ ሥራ ለመጀመር የነበራቸው ተስፋ በሁለቱ ሮቶ ያለው ውሃ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት የወይዘሮ ራዚያ ምራት ሉብና እቤት ወለደች። እናትና ልጅ የሚታጠቡበት አልነበረም፤ ወይዘሮ ራዚያም ሊለምኑ አልመጡም። አቶ ውበቱ ጀሪካን ሞልተው ቢወስዱላቸው፣ ወይዘሮ ራዚያ በሩ ላይ ቆመው «ያንተን ጠበል ምን ላርገው?» አሏቸው።

«እንግዲያው ጣሳዎን ይያዙና በእጅዎ ይጨልፉት።»

ወይዘሮ ራዚያ ለሕፃኗ ሲሉ ተከተሏቸው። አቶ ውበቱ ክዳኑን አንስተው ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ ራዚያ በርጩማ ላይ ወጥተው ጣሳውን አሳዩአቸው።

«አመድ ነክቶታል። ኋላ ልትደፋው ነው።»

«ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት ብቻ፤ ክሎሪን የለበትም።»

የወይዘሮ ራዚያ እጅ ከነጣሳው እስከ ክንዳቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ቀዳ፤ ሁለቱም ሮቶ እስኪደርቁ ክፍሉ አልተቆለፈም።

ማጣሪያው በዚያው ሰሞን ተዘረፈ። አቶ ውበቱ ቆይተው ሌላ ገዝተው ወደ ሥራቸው ቢመለሱም፣ አንደኛውን ሮቶ ግን ለመስታወት አልመለሱትም። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ መቅጃ ሆነ፤ የወይዘሮ ራዚያ ጣሳም እዚያው ክዳኑ ላይ ቀረ። እናታቸውን በ2015 ዓ.ም. በክብር ቀበሩ።

አቶ ውበቱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ደሴ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉአለምን፣ ልጆቻቸውን ሳምሪንና ወንዱን፣ እንዲሁም «አባባ ሮቶ» እያለች የምትጠራቸውን የሉብናን ልጅ ኢንሳፍን ትተው ሄደዋል።

ከቀብር መልስ እጃችሁን የሚያስታጥቧችሁ ወይዘሮ ራዚያ ናቸው፤ ራሳቸው ጠይቀው ነው። ውሃው ከዚያው ሮቶ ነው፤ ጣሳውም ያው ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የአገልጋዩን የአቶ ውበቱን፣ በክርስትና ስማቸው የኃይለ ማርያምን፣ ነፍስ የሰማዩን ደጅ ክፍት አድርጎ ይቀበልልን።