እጃቸውን ስላላወጡት ሸማኔ ሴቶች

ይድረስ ለክቡር የኢንዱስትሪ ማዘመኛ ቢሮ ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሶቹ ማሽኖችዎ ያለ አንዳች ኮሽታ እንዲሰነብት፣ ድምፅዎም እንደዚያን ዕለቱ ጥርት ብሎ እስከ መጨረሻው ወንበር እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና አዳራሽ ትሠራ የነበረች የአንዲት ሸማኔ ልጅ ነኝ። እናቴን በስሟ ባያውቋትም፣ ከኋላ ተቀምጠው ሞቅ አድርገው ካጨበጨቡልዎት ሴቶች አንዷ ነበረች ብል ያስታውሷት ይሆናል።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ ሥራ የበዛበት ቢሮዎ ለማጣራት ጊዜ ያጣለትን አንድ ትንሽ ነገር ላስረዳ። በአሮጌው አዳራሽ የማሽኑ ክር አመላላሽ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል ጩኸቱ ወለሉን ያንቀጠቅጥ ስለነበር፣ ሸማኔዎቹ የሚነጋገሩት ያለ ድምፅ፣ በከንፈርና በእጅ ነበር። ሐሜቱም ቀልዱም ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጆሮዎቻቸው ከባለቤቶቻቸው ቀድመው ጡረታ ወጡ። እናቴ ቤት ገብታም የምታወራን በከንፈሯ ስለሆነ፣ እኔ አፌን የፈታሁት ፊቷን እያየሁ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክርክር ሲሸነፍ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነበር፤ እሷም እስኪገልጥ ድረስ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

እንግዲህ አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ስብሰባው ነው። እናቴ የማሽኖቹን መለወጥ አልጠላችውም። የመጀመሪያው ማሽን ከማሸጊያው በወጣ ዕለት ሄዳ ዳብሳዋለች፤ ክር ሲበጠስ ራሱ እንደሚቆም ስታይ በደስታ እንባዋ መጣ፤ ይህን ልማር ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ክቡርነትዎ ግን መድረኩ ላይ ወጥተው ማይክሮፎኑን እንደ በቆሎ እሸት አፍዎ ላይ ደገኑት። ሸማኔዎቹ የፊት ወንበሮችን ለእንግዶች ለቀው ከኋላ ተቀምጠው ነበርና የሚታያቸው ዓይንዎ ብቻ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲኖር ወንበር ላይ ቆሞ ንግግሩን በከንፈሩ የሚደግምላቸው የአዳራሹ አለቃ ነበር፤ እሱን ቢሮዎ ትርፍ ሠራተኛ ነው ብሎ አስቀድሞ ሸኝቶታል። በአዲሱ ማሽን መሠልጠን የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ ሲሉ፣ ከፈትል ክፍልና ከቀለም ክፍል ብዙ እጅ ወጣ፤ ከሽመና አንድም አልወጣም። እርስዎም ምርጫቸውን አከብራለሁ አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እነሱም ሰው ሲያጨበጭብ አይተው አጨበጨቡ።

ይህን የነገረን በቀለም ክፍል የሚሠራው ጎረቤታችን ነው፤ እሱም ኮርተው እምቢ ያሉ መስሎት ገርሞት ነበር። እናቴ በዚያ ቀን ቤት ገብታ የነገረችኝ ግን፣ የተባለው ባይገባትም ክፉ ነገር እንዳልሆነ፣ ሰውየው ሲናገር ዓይኑ ይስቅ እንደነበር ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለቅሬታ መቀበያው ይሁን። ሸማኔዎቹ ሥልጠናውን ባለመፈለጋቸው በክብር ተሸኝተዋል የሚል ማስታወቂያ በፋብሪካው በር ላይ ሲለጠፍ ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ። እንግዳ ተቀባይዋ፣ አሠራሩ ስለዘመነ ቅሬታ የሚቀርበው በነጻ የስልክ መስመር ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። ስደውል ባለጉዳይዋ ራሷ ካልተናገረች አይሆንም ተባልኩ። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ፀጉሯን አስተካክላ፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋው፣ ለማታየው ሰው ፈገግ እያለች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስልኩ ላይ ያለው ሰው ምን አለ ብላ በከንፈሯ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ እንደዚያን ዕለት ልቤ ተሰብሮ አያውቅም፤ ይህን ያለ ምፀት ነው የምጽፍልዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ጎብኚዎች በአዲሶቹ ማሽኖች መካከል ቆመው ሳሎን ቤት እንደተቀመጠ ሰው ያወጋሉ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የእኛ ሴቶች ጨዋታቸው በጩኸቱ ውስጥ ቀረና፣ ዛሬ እያንዳንዳቸው ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዙሮ በሚያወራ ቤተሰብ መሐል ተቀምጠዋል። ቀጭኗ የምንላት የእናቴ የሥራ ጓደኛ ከማዶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ፣ እናቴ ከደጃችን ሆና፣ መንገዱን ሳይሻገሩ በመኪናው ትርምስ ላይ የልባቸውን ይጫወቱ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው አብደዋል ይላቸዋል። ቀጭኗም ልጇ ዘንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እናቴ አሁንም በዚያው ሰዓት ደጅ ወጥታ ትቆማለች።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤው ልኖር ነበር። ያስጻፈኝ ቢሮዎ በአሮጌው አዳራሽ የሚከፍተው ኤግዚቢሽን ነው። አንድ የድሮ ማሽን ቀለም ተቀብቶ፣ ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ ይቆማል፤ እናቴም ጋዋኗን ለብሳ አጠገቡ እንድትቆም ተመርጣለች፤ ልትሠራ ሳይሆን ልትታይ። ቤታችን ድረስ የመጣው ባለሙያ ጨዋ ሰው ነው፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ሁሉንም አስረድቷታል። እሷ ያየችው የፋብሪካው መኪና ደጃችን መቆሙን ነው፤ ከከንፈሩም የያዘችው ጋዋን የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ከሥራ ስገባ ጋዋኗን እየተኮሰች አገኘኋት። ለሥልጠናው ጠሩኝ አለችኝ። ተራዬ ዘገየ እንጂ እንደማይረሱኝ አውቅ ነበር አለችኝ።

እውነቱን ያወቅሁት ባለሙያው በማግሥቱ ሲደውልልኝ ነው። ልነግራት ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ከንፈሬ ግን ተንቀጠቀጠብኝ፤ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር ደግሞ አይነበብም። የበረደኝ መስሏት ሻሏን አውልቃ ደረበችልኝ።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ያን ጥያቄ እንደገና ይጠይቋቸው። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ በከንፈሩ ቢደግምላቸው እጃቸው ይወጣል፤ እናቴማ ሁለቱንም ነው የምታወጣው። ለምርጫቸው ያለዎት አክብሮት ይህን ያህል ትልቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ እንዲመርጡ ቢያደርጓቸው አክብሮትዎን የሚቀንሰው አይመስለኝም።

ውድ ጊዜዎን በአንዲት ሴት ጉዳይ ስላባከንኩ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

የሸማኔዋ ልጅ

ግልባጭ፦
ለነጻው የስልክ መስመር (ማንበብ የሚችል ካለ)

ማሳሰቢያ፦ ጥያቄውን ዳግም የማይጠይቁ ከሆነ፣ በመክፈቻው ዕለት እናቴ ፊት ሲደርሱ የተጠራችው ለምን እንደሆነ እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ አልቻልኩም። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ዝቅ ያድርጉት። ሲነግሯትም ዓይንዎ እንዳይስቅ አደራ፤ ባለፈው ያመነችዎት በእሱ ነው።