ተለቅሞ የመጣው በቆሎ

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00
ላብራቶሪው ውስጥ ብልቃጥ አጥባለሁ። ደብተሬ፣ እጄ የመነኩሴ ፊት መስሏል። እትዬ የሻረግ ከይጁቤ መጡ። የሴቶች ማኅበራቸው ለመዋዕለ ሕፃናት የገንፎ ዱቄት ሊያቀርብ ነው፤ መጀመሪያ በቆሎው ይመርመር ተብሏል። ናሙናውን ተቀበልኩ። ወይ በቆሎ! የሙሽራ ጥርስ።

ባለሙያዋ ብርቱካን በቆሎውን ፈጭታ፣ በአልኮል በጥብጣ፣ አጥልላ መመርመሪያ ወረቀቷን ነከረች። ሁለት ቀይ መስመር። ሮጬ ወጣሁ፤ «እንኳን ደስ ያለዎ እትዬ፣ በቆሎዎ አርግዟል!» በነጠላቸው ጫፍ ገረፉኝ።

እኛ ጋ ግን ሁለት መስመር ማለት ንጹሕ ነው። አንዱ ሲጠፋ ነው ጉዱ፤ አፍላቶክሲን፣ ሻጋታ የሚተፋው መርዝ አለ ማለት ነው። ቢያገነፉትም አይለቅም፣ ጉበት ይበላል። እኔም አፍላ ነኝ ብዬ ብርቱካንን ነካኋት። ሁለት አፍላ ለአንድ ላብራቶሪ ይበዛል አለች። በላችኝ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ
እትዬ የሻረግ ለውጤቱ መጡ። አልተፈረመም። አግዳሚው ላይ ወሬ ያዝን። በቆሎው እንዴት እንዲህ አማረ አልኳቸው። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ለቀምኩት አሉ፤ ጥቁሩን፣ የሻገተውን አውጥቼ። «ለመንግሥት ቤት ግርድ ይዤ ልምጣ? ምን ይሉኛል?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ጆንያው ውስጥ ያለውስ አልኳቸው። እሱማ እንዳለ ነው፣ ዓርብ ወፍጮ ይገባል፤ ያን ሁሉ ማን ይለቅመዋል አሉኝ።

እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ይሄ ግን ይገባኛል። የመረመርነው ሌላ፣ ልጆቹ የሚበሉት ሌላ።

ለብርቱካን ነገርኳት። ደግሞ ምን ቀልድ አመጣህ አለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት «ባዶ»ው ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አድርጌባታለሁ። ባዶ የምንለው ምንም የሌለበትን ፈሳሽ ነው፤ ስህተቱ ከኛ እንዳይሆን ከናሙናው ጋር ይመረመራል። የቀኑን ሥራ ሁሉ ከመጀመሪያው ደገመችው። አሁን፣ «ባዶስ አንተ ነህ!» አለችኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ
ኃላፊው ጋ ገባሁ፣ ጋሽ አያሌው ጋ። ማርያምን፣ ናሙናው ተለቅሞ ነው የመጣው ብዬ ማልኩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ውጤት ሊጠይቁ የመጡትን እትዬ የሻረግን አስጠሩና የተበላሸ ነበረበት ወይ ሲሏቸው፣ «ኧረ ምን ቆርጦት!» እፍረት ነው ደብተሬ፣ ውሸት አይደለም። ሰው ፊት ጓዳውን ማን ይገልጣል? ሲወጡ ቀና ብለውም አላዩኝ። አሳጣኋቸው።

ጋሽ አያሌው እስከ ነገ ማታ አልፈርምም አሉ። ከጆንያው ራስህ አምጣና እናያለን። ብርቱካን ሰማች። አንድ መመርመሪያ ወረቀት ለብቻ አስቀመጠች።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ፣ ንጋት 12፡10
መናኸሪያ። ብርድ። ጆንያ የምንወጋበትን ብረት በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ረዳቱ ጦር ነው ወይ አለ። አዎ፣ በቆሎ ልወጋ ነው አልኩት። የመጨረሻ ቀልዴ፣ ለዛሬ።

እትዬ የሻረግ በር ቢዘጉብኝ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያዋረድኩዎ መስሎዎት ከሆነ ይምቱኝ፣ ገንፎውን ግን ሕፃን ነው የሚበላው እላቸዋለሁ። ሳልስቅ። ሳቅ ከመጣብኝ ምላሴን እነክሳለሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጆንያ፦ ከአፉ፣ ከወገቡ፣ ከሥሩ። ማንም አይለቅመውም። ግርዱን ከነፍሬው ሳልይዝ አልመለስም።