ለእናቴ ልደት ስለቀረቡልን ሰባት ምግቦች

ለክቡር አቶ ሲቶ ኪን-ሆ
የብር ፏፏቴ ምግብ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮውሉን፣ ሆንግ ኮንግ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሰላም እንቅልፍና በመልካም የምግብ ፍላጎት ላይ ሳሉ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። ሦስቱም ከእኛ ቤት ከወጡ ሰንብተዋልና ቢያንስ እርስዎ ዘንድ በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በአካል ያቀረብኩትን አቤቱታ በፈገግታ ስለሸኙት፣ ምናልባት ሰው ሁሉ ሲያነበው ይከብድዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመጀመሪያው ልነሳ። እናቴ ወይዘሮ ዪፕ ላይ-ሃ፣ እርስዎ ከመሾምዎ ብዙ ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ በየማለዳው እዚያ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ሻይዋን የምትጠጣና በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ የምትበላ ደንበኛዎ ናት። ልቧ ታሟል። ሐኪሞቹ ተከፍቶ ካልተጠገነ አዲሱን ዓመት አታይም ካሉን ቆይተዋል። እሷ ግን "ቢላ ለዶሮ ነው" እያለች አሻፈረኝ ስትል ኖራ፣ በስንት ልመና፣ እዚያው እርስዎ ቤት ሻይዋን ፉት እያለች "እሺ በቃ፣ የሰማንያ ዓመት ልደቴን ከእናንተ ጋር በልቼ ሆስፒታል እገባለሁ" አለችን። ወንድሜ ካም-ፋይ ከደስታው ብዛት የቀረበለትን ሳይጨርስ ተነስቶ ለእራት የግል ክፍል አስያዘ፤ ስምንት ዓይነት ምግብም አዘዘ። ቀዶ ሕክምናው የፊታችን ሐሙስ ነው።

እንግዲህ ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ። ከአያቶቻችን ጀምሮ የማንቆርቆሪያ ክዳን ገለጥ ተደርጎ ሲቀመጥ ውሃ ጨምሩልን ማለት መሆኑን እናውቅ ነበር። ከውጭ አገር ይዘውት በመጡት ሥልጠና የታነጸው አስተናጋጅዎ ግን ክዳኑን በገለጥን ቁጥር "ይቀዘቅዝባችኋል" እያለ በአክብሮት ይከድነው ነበር። እናቴ ያኔ ገና ትስቅ ስለነበር ይህን እንደ ቅሬታ አልቆጥረውም።

፪. ስለ አበባውም ምስጋናዬ ወደር የለውም። ለሰማንያ ዓመት ልደት የደስታችን ቀለም የሆነው ቀይ ያልታየበት ክፍል አዘጋጅተው፣ ከነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ነጭ የክሪዛንተመም አበባ በነጭ ማሰሮ አስቀመጡልን። ያንን አበባ ከዚያ በፊት በብዛት ያየሁት በአባቴ ሬሳ ዙሪያ ነው። ወንድሜ ማሰሮውን ቀስ አድርጎ ከመጋረጃው ጀርባ ሲደብቀው፣ እንዳያችው እያወቅን እንዳላየች ቆጠርናት።

፫. ዋናው ምስጋናዬ ስለ ዓሣው ነው። ዶሮው መጣ፣ ዳክዬው መጣ፣ ሾርባው መጣ፤ ሰባተኛው ሳህን ከተነሳ በኋላ ስምንተኛው የነበረውን በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ መጠበቅ ጀመርን። ወንድሜ "ዓሣው ገና እየዋኘ ነው" ብሎ ቀለደ። የሳቀለት አልነበረም። ዓሣውም ቀረ። የዚያን ዕለት የገባው ዓሣ ለደረጃችሁ ስላልበቃ፣ ማንንም ሳይጠይቁ እርስዎ ራስዎ ከእራታችን እንደሰረዙት በኋላ ተረዳሁ። ሌላ ዓሣ፣ ሌላ ሥጋ፣ ኧረ አንድ ሳህን ቅጠል እንኳ ጠፍቶ ነው? እኛ ዘንድ ሰባት ዓይነት ምግብ የሚቀርበው ከቀብር ለተመለሰ ሰው ብቻ ነው። የእዝን ማዕድ ነው። ይህን ኮውሉን ውስጥ ተወልዶ ያላወቀ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር፤ የምግብ ቤቱ ባለቤቶች ግን ፈልገው አገኙ፣ ደመወዝም ቆረጡለት።

፬. ወይ ጉድ! ስጦታውን ረስቼ። ስንወጣ በር ላይ የቆመችው ልጅ ለእያንዳንዳችን የቤቱ ዓርማ ያለበት ነጭ ፖስታ አደለችን፤ በውስጡ አንድ ከረሜላ። ክቡር ሆይ፣ ለለቅሶ የመጣ ሰው ሲወጣ የሚታደለው ምንድን ነው? ነጭ ፖስታ ነው፤ በውስጡ ከረሜላ። ቤት ሳይደረስ እዚያው መንገድ ላይ ይበላል፣ ሐዘኑ ተከትሎ እንዳይገባ። እኛ ፖስታውን ከእናቴ ዓይን ለማሸሽ ስንሯሯጥ፣ እሷ ደረጃው ላይ ቆማ ከረሜላዋን ልጣ አፏ ውስጥ ከተተችው። መጥጣ ጨረሰች። ከዚያም "ደግ አድርገው ሸኙኝ" አለች፤ ወደ ታክሲው ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በማለዳ ሻይ መሄድ ትታለች። የክረምት ካፖርቷን ለጎረቤት ሰጠች። ተኳርፋ የኖረቻትን እህቷን ደውላ ታረቀች። ባለፈው ደግሞ ብቻዋን ፎቶ ቤት ሄዳ ጉርድ ፎቶ ተነስታ መጣች። "ምን ሊያደርግልሽ ነው?" ብላት "ፊቴ ገና ፊት ሳለ ይሻላል" አለችኝ። የሆስፒታል ሻንጣዋን እኔ አዘጋጃለሁ፣ እሷ መልሳ ትፈታዋለች። "የተሸኘ ሰው ተመልሶ ምን ይሠራል?" ትለኛለች። ስትናገር አትቆጣም፣ አታለቅስም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ቢሮዎ መጥቼ ስነግርዎ፣ ወንበር ስበው፣ ውሃ አስመጥተው፣ በሚያስቀና ትህትና "እትዬ፣ ይሄ እኮ ያረጀ እምነት ነው፤ ሰው በሳህን ቁጥር አይሞትም" አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ አይሞትም። የልብ ሕክምናዋን እምቢ ያለች አሮጊት ግን ትሞታለች። ለመሆኑ፣ እንዲህ ካለው እምነት ነጻ የሆኑ ሰው፣ የምግብ ቤትዎ ሊፍት ከሦስተኛ ፎቅ ዘልሎ አምስተኛ የሚገባበትን ምክንያት አንድ ቀን ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል። በቋንቋችን ሞት እንደማለት የሚሰማውን አራት ቁጥር የፈራው ማን ይሆን? ሊፍቱ ነው?

የምጠይቅዎ ካሳ አይደለም፤ ይቅርታም ቢሆን ለሌላ ጊዜ ይቀመጥልኝ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ከሐሙስ በፊት አንድ ዓሣ አስበስለው፣ በገዛ እጅዎ ይዘው ቤታችን ይምጡልኝ። ፊቷ አስቀምጠው "እማማ፣ ማዕዱ አላለቀም ነበር፤ ስምንተኛው ይኸው፣ የዘገየነው እኛ ነን" ይበሉልኝ። እናቴን አውቃታለሁ። የቀረበላትን ምግብ መልሳ አታውቅም፣ ቤቱ የበላችበትንም ሰው ቃል አትጥልም። እኔ ስለምናት አልሰማችኝም፤ ወንድሜ እግሯ ላይ ወድቆ አልቅሷል፣ አልሰማችውም። የሸኛትን ቤት ግን ትሰማለች። ከመላው ኮውሉን እናቴን መመለስ የሚችል ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ መሆንዎ፣ አምናለሁ፣ ለእርስዎም ለእኔም የማይመች ዕድል ነው።

የቤትዎ ብርጭቆ ሳይሰነጠቅ፣ የጠረጴዛ ልብስዎ ነጭነት ሳይጎድል፣ ደንበኛዎም ከዓመት ዓመት ሳይነጥፍ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ላሳዩን ያልተጠየቀ ጥንቃቄ ዕድሜ ልኬን፣ በተለይም በእናቴ ቀሪ ዕድሜ፣ ከልብ የማልረሳዎ፣

ታዛዥዎ
ያም ዩክ-ቺንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ፊርማዬን ሳኖር ከሆስፒታሉ ተደወለ። ስልኩን ቀድማ ያነሳችው እናቴ ናት። "አልጋውን ገና ላልተሸኘ ሰው ስጡት" ብላ ዘጋችው። መልሼ ብደውል ተሰጥቷል አሉኝ፤ ስለዚህ ስለ ዓሣው አይድከሙ። እናቴም ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የእርስዎ እናት ሰባኛ ዓመት ልደት በሚመጣው ወር እዚያው ምግብ ቤትዎ እንደሚከበር ከጎረቤት ሰምታ ኖሯል። "ልጁን አትስደቢው" አለችኝ፤ "ለእናቱ ግን ስምንት ያድርግላት በይው።" ይኸው፣ ብያለሁ።